እንጦጦ ሲጠፋ

ደብረ ብርሃንን ለቀን ወደ ጣርማበር ስንቃረብ ሾፌሩ ሬዲዮውን ዘጋ። ማንም ዝጋ አላለውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ነሐሴ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ሚኒባሷ ሞልታ ወደ ሸዋ ሮቢት ትጓዛለች። ትንሽ ቀደም ብሎ ሜዳው ላይ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በጎች፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ እረኛ ይታየን ነበር። አሁን መጀመሪያ የሩቁ ባሕር ዛፍ ደበዘዘ፤ ቀጥሎ የመንገዱ ዳር ካብ ጠፋ፤ በመጨረሻ የቀረልን ከፊታችን ያለው ቁራጭ አስፋልት ብቻ ሆነ። ሾፌሩ ረጅሙን መብራት አበራና ወዲያው መልሶ ዝቅ አደረገው። ረጅሙ መብራት ከፊቱ ያለውን ነጭ ግድግዳ ይበልጥ አነጣበት እንጂ አንድ ክንድ አላሳየውም። ዝናብ የለም፤ የመስታወቱ መጥረጊያ ግን ይሠራል።

«እየዘነበ ነው እንዴ?» አለ ረዳቱ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ።

«ዝናብ አይደለም ልጄ፣ ጉም ነው» አሉት ከሾፌሩ ኋላ የተቀመጡ እናት። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል።

አጠገባቸው የነበረው፣ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤተሰቡ የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን አልተዋጠለትም። «እማማ፣ ይኼ እኮ ደመና ነው። ደመናው ውስጥ ገብተን ነው» አላቸው።

«ደመናማ ሰማይ ላይ ነው የሚውለው። ይኼ ከገደሉ ነው የሚወጣው። ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ!»

ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው የጣርማበር ዋሻ አፍ ላይ እስክንደርስ ክርክሩ አልበረደም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ፣ የሚገርም ነው፣ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ ይታይ ነበር።

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ተማሪው ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ሰው ትክክል ነው፤ እማማ ውስጡ ሆኖ ለሚሄድበት ሰው ትክክል ናቸው። መሬት ተጠግቶ የሚነጠፈውን ደመና ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው፤ እኔ የቆምኩት የት ነው?

ስለ ሌሎቹ ደመናዎች ብዙ ይባላል። ባዘቶ መስሎ የሚከመረውን ሁሉም ይወደዋል፤ ሠዓሊም ይሥለዋል፣ ሕፃንም በግ ነው አንበሳ ነው ይለዋል። ጥቁሩን፣ መብረቅ አዝሎ የሚመጣውን ሁሉም ይፈራዋል። ንጣፉ ደመና ግን ስም እንኳን የሚሰጠው የለም። «ሰማዩ ደፍኗል»፣ «ቀኑ ጨፍግጓል» ብለን እናልፈዋለን፤ ደመና እንደሌለ፣ ሰማዩ በራሱ ቀለሙን እንደቀየረ አድርገን ነው የምንናገረው። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ መታየት የሚገባው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም እጃችን የሚደርስበት ደመና እሱ ብቻ ነው። ጋቢ ላይ ያርፋል፣ ሽፋሽፍት ላይ ይቀመጣል፣ በጅብራ ቅጠል ላይ ወርዶ ይንጠባጠባል።

የጣርማበሩን ነገር ላስቀድም። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ የሚደርስ የገደል ጫፍ ነው። በምዕራብ በኩል ያለው ውሃ ወደ ዓባይ ይሄዳል፣ በምሥራቅ በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከምሥራቁ ቆላ ተነስቶ ወደ ዳገቱ የሚገፋ እርጥብ አየር መሄጃ ሲያጣ ሽቅብ ይወጣል። አየር ሲወጣ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ገና እርጥበቱ ወደ ጠብታ ሳይለወጥ በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያጣል። ቅዝቃዜው እየጨመረ ሄዶ አየሩ ውሃውን በእንፋሎት መልክ መያዝ የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ እንፋሎቱ በአየር ውስጥ ባለች ብናኝ ዙሪያ ተሰብስቦ ጠብታ ይሆናል። ያቺ ከፍታ የደመናው ወለል ናት። ወለሉ ከዋሻው አፍ በታች ከሆነ ዋሻው ደመና ውስጥ ነው፤ እማማ እንዳሉትም ጉሙ በእርግጥ ከገደሉ ይወጣል። ዓይን ያየው ልክ ነው፤ ሲወጣ እየተሠራ ነው የሚመጣው።

ጠብታዋ ምን ያህል ናት? ስፋቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እስከ ሁለት መቶኛ እጅ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለች ጠብታ በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ብትወርድ ነው፤ 100 ሜትር ለመውረድ ወደ ሦስት ሰዓት ይፈጅባታል፣ ያውም የሚያነሳት ነፋስ ከሌለ። ለዚህ ነው ደመና ተንሳፎ የሚቀረው። አንዲት መካከለኛ የዝናብ ጠብታ ለመሥራት እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጠብታዎች መገጣጠም አለባቸው። ረዳቱ እጁን ዘርግቶ የጠበቀው ዝናብ ያልመጣውም ገጣጥሞ የሚያወርዳቸው ስለሌለ ነው። በንጣፍ ደመና ውስጥ አየሩ ረጋ ያለ ነው፤ ጠብታዎቹን እያጋጨ የሚያሳድግ ኃይለኛ ሽቅብ ነፋስ የለበትም። ቢበዛ ካፊያ ይሰጣል።

ይህን ደመና ከሌሎቹ ለይቶ ስም ያወጣለት ሉክ ሃዋርድ የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ ነው። በ1802 (እ.ኤ.አ.) ለጥቂት የሳይንስ ወዳጆች ባሰማው ንግግር ደመናዎችን በላቲን ስም ከፋፈላቸው። የተጠቀለለ ፀጉር የመሰለውን ሲረስ፣ የተከመረውን ኩሙለስ፣ የተነጠፈውን ስትራተስ፣ ዝናብ የሚጥለውን ኒምበስ አለ። የሙያው ሰዎች ዛሬም የሚጠቀሙት ያንኑ መሠረት ነው፤ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ዓለም አቀፍ የደመና አትላስ ከዚያው ተነስቶ ዛሬ አሥር ዋና ዋና ወገኖችን ይቆጥራል። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሃዋርድ ስትራተስ ብሎ የሰየመው በሸለቆ ውስጥ ሌሊት የሚተኛውን፣ ከታች ወደ ላይ የሚያድገውን ጉም ጭምር ነበር። ለእሱ ጉምና ንጣፍ ደመና አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከእማማና ከተማሪው መካከል ቢቀመጥ ኖሮ ሁለቱንም በደስታ ባዳመጠ ነበር።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። የመዲናዋ ነዋሪ ለዚህ ሥራ የሚሆን መለኪያ በደጁ ተገትሮለታል፤ ተራሮቹን ማለቴ ነው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው ፉሪ ወደ 2,800 ሜትር፣ በሰሜን ያለው እንጦጦ ወደ 3,200 ሜትር፣ በምዕራብ ያለው ወጨጫ ወደ 3,400 ሜትር ይደርሳሉ። ቦሌ ቆሞ ለሚያይ ሰው ፉሪ የ500 ሜትር ምልክት ነው፣ እንጦጦ የ900፣ ወጨጫ የ1,100። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ብዙ አይረዳም፤ ግራጫ ነው፣ ሌላ የሚነግርዎት የለም። ይልቅ ወደ ተራሮቹ ይዩ። ፉሪ አናቱ ድረስ ግልጽ ሆኖ እንጦጦ ከወገቡ በላይ በቢላ እንደ ተቆረጠ ከጠፋ፣ የደመናው ወለል ያረፈበትን በዓይንዎ አነበቡ ማለት ነው።

እንዲያውም ሒሳቡን በእጅዎ መሥራት ይችላሉ። የአየር ትንበያ ላይ ከሙቀቱ ጎን የጤዛ ነጥብ የሚባል ቁጥር አለ፤ አየሩ እዚያ ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ጤዛ ያወጣል ማለት ነው። ከሙቀቱ ላይ የጤዛ ነጥቡን ቀንሰው ልዩነቱን በ125 ያባዙት። ለምሳሌ ሙቀቱ 16፣ የጤዛ ነጥቡ 12 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው፤ 4 ሲባዛ በ125፣ 500 ሜትር። ቦሌ ላይ ይህ ቁጥር ከተገኘ ደመናው የፉሪን አናት ነክቶ እንጦጦን ይቆርጠዋል። ሒሳቡ የሚሠራው አየሩ ከመሬት እስከ ደመናው ድረስ በደንብ ሲደባለቅ ነው፤ ሌሊቱን በረጋ አየር ለተፈጠረ ደመና ይዛነፋል። ተራራ ደግሞ አየሩን ወደ ላይ ስለሚገፋ የራሱን ደመና ይሠራል፤ እንጦጦ ቆብ አጥልቆ ከተማው ላይ ፀሐይ የሚወጣበት ጠዋት ብዙ ነው። ቢሆንም በአንድ ክረምት ውስጥ ደጋግሞ የሞከረው ሰው ዓይኑ ይሠለጥናል።

ሁለተኛው ምልክት ፀሐይ ናት። ንጣፉ ስስ ሲሆን ፀሐይዋ ዙሪያዋ በኮምፓስ እንደ ተከበበ ጥርት ያለች ነጭ ሳህን ሆና ትታያለች፤ ጨረቃ ናት ብሎ የሚሳሳት ሰው አለ። ይህ የስትራተስ ፊርማ ነው። ከእሱ በላይ፣ በመካከለኛው ከፍታ የሚነጠፈው አልቶስትራተስ ሲሆን ፀሐይዋ የመታጠቢያ ቤት መስታወት እንደጋረዳት ፈዛ ትታያለች፤ ዳርቻዋ አይለይም፣ መሬት ላይም ጥላ አይወድቅም። ፀሐይዋ ጭራሽ የት እንዳለች ከጠፋና ዝናቡ ሳያባራ ከዋለ ግን ወፍራሙና ጥቁሩ ኒምቦስትራተስ ነው፤ የሰማይ ቡሉኮ። (ደመናው የሳሳ ቢመስልም ፀሐይን አፍጥጦ ማየት ዓይን ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ ገልመጥ ማድረግ ይበቃል።)

ሦስተኛው የሚወርደው ነገር ነው። ጠብታው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ፣ ኩሬ ላይ ወድቆ ክብ ካልሠራ፣ ፊት ላይ ሳይመታ የሚያርስ ከሆነ ካፊያ ነው፤ ከስትራተስ ነው የመጣው። ጃንጥላ ላይ የሚሰማ ድምፅ ካለው ከስትራተስ ውጭ ሌላ ምንጭ ይፈልጉለት። ነጎድጓድ ከሰሙ ደግሞ ምንም ያህል ሰማዩ ወጥ ግራጫ ቢመስል ክርክሩ አለቀ፤ የሜትዎሮሎጂ ታዛቢዎች ደንብም ይኸው ነው። ነጎድጓድ፣ መብረቅ ወይም በረዶ ካለ ከላይ የቆመው የመብረቅ ደመና ኩሙሎኒምበስ ነው፤ እኛ ከሥሩ ሆነን ወለሉን ብቻ ነው ያየነው።

ስትራተስ ዝም ብሎ አይቆይም። የክረምት ጠዋት አዲስ አበባን ልብ ብሎ የተከታተለ ያውቀዋል። ንጋት ላይ ጣሪያ ይነካል፤ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ወለሉ ከፍ ይላል፣ እንጦጦ ከእግሩ ጀምሮ ይገለጣል፤ ቀጥሎ ንጣፉ ይቀዳደድና ቁርጥራጩ እየተከመረ ኩሙለስ ይሆናል፤ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ያው የተከመረው አድጎ፣ ጠቁሮ ዶፉን ያወርደዋል። አንድ ቀን ውስጥ ሰማዩ ከረጋ ንጣፍ ወደ መብረቅ ይሸጋገራል። ጠዋት ሳይቀደድ የዋለ ንጣፍ ግን ብዙ ጊዜ ከሰዓቱን ዶፍ ያስቀራል፤ መሬቱ ካልሞቀ የሚከምረው የለማ።

እስካሁን የነገርኩዎት ስለ ወጡ ንጣፍ ነው። ወንድሙ ስትራቶኩሙለስ ሌላ መልክ አለው። እሱም ዝቅ ብሎ ይነጠፋል፣ ነገር ግን ወጥ አይደለም፤ ገበሬ በሞፈር ያወጣው ትልም ይመስላል፤ ጉብ ጉብ ያለ፣ ጥቁርና ነጭ የተፈራረቀበት፣ አልፎ አልፎም ክፍተት ያለው። ከዚያ ክፍተት የፀሐይ ጨረር እንደ ምሰሶ ወደ መሬት ሲወርድ ያየ ሰው አይረሳውም። በምድር ላይ እንደ እሱ ብዙ ቦታ የሚሸፍን የደመና ዓይነት የለም፤ በአማካይ ከምድር ገጽ አምስት እጅ አንዱን ያህል ይይዛል። ትልልቆቹ ንጣፎች ያሉት በናሚቢያ፣ በፔሩና በካሊፎርኒያ ዳርቻ ባለው ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ላይ ሲሆን፣ ጥቁሩን ባሕር እንደ ነጭ አንሶላ ከልለው የፀሐይን ሙቀት ወደ ሕዋ ይመልሳሉ። ምድር ከዚህ በላይ እንዳትሞቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ማንም ቀና ብሎ የማያየው ደመና መሆኑን ሳስብ፣ ስለ እሱ ለሰው ለመናገር እቸኩላለሁ።

እሱን ከፍ ብሎ ከሚውለው ከአልቶኩሙለስ መለየት ጀማሪን ያስቸግራል፤ ሁለቱም ቁርጥራጭ ናቸውና። መፍትሔው እጅ ላይ ነው። ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ሰማይ ዘርግተው ሦስት ጣት አጋጥመው ከአንዱ ቁራጭ ጋር ያነጻጽሩ። ቁራጩ ከሦስቱ ጣቶች ከሰፋ ስትራቶኩሙለስ ነው፤ ቅርብ ስለሆነ ሰፊ ይመስላል። ከሦስት ጣት ካነሰ፣ ነገር ግን ከትንሿ ጣት ከሰፋ አልቶኩሙለስ ነው። ከትንሿ ጣትም ካነሰ ከሁለቱም በላይ፣ በጣም ከፍታ ላይ ያለ የበረዶ ቅንጣት ደመና ነው። ልኬቱን የሚወስዱት አናትዎ ላይ ወይም ወደዚያ ከፍ ብሎ ካለው ቁራጭ ላይ መሆን አለበት፤ አድማስ ላይ ያለው ሁሉ በርቀቱ ምክንያት ትንሽ ይመስላል። ልጆች ይህን ሲማሩ ማየት ደስ ይላል። የጎረቤቴ የስምንት ዓመት ልጅ ካሳየኋት ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «ጋሼ፣ ዛሬ አራት ጣት ነው!» እያለች ታልፋለች።

ደመና የሚመስል ደመና ያልሆነም አለ፣ እሱም በዓመት አንድ ቀን ራሱን ያሳየናል። ኅዳር 12። ኅዳር ሲታጠን ብለን በየደጁ ቆሻሻ የምናቃጥልበት ልማድ የመጣው በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ከሚለው ወረርሽኝ ነው። የኅዳር ሌሊት ጥርት ያለ ስለሚሆን መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቆ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ከሥር ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ሲሆን የታችኛው አየር ከብዶ መውጣት ያቅተዋል፤ ድስቱ ተከደነ ማለት ነው። የሚጨሰው ሁሉ ከዚያ ክዳን ሥር ተነጥፎ ይቀራል፣ ንጋት ላይ ከየካ ኮረብታ ለሚያይ ሰው ከተማዋ ስትራተስ የለበሰች ትመስላለች። የሚለየው በፀሐይዋ ነው። የጭስ ብናኝ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ሰማያዊውን ብርሃን በትኖ ቀዩን ያሳልፋል፤ ስለዚህ በጭስ ውስጥ የምትወጣ ፀሐይ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ናት። የደመና ጠብታ ግን ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚበትን በስትራተስ ውስጥ የምትታይ ፀሐይ ነጭ ናት። ሌላው ልዩነት ለአፍንጫም ለልብስም ግልጽ ነው፤ ጭስ ይሸታል፣ አያረጥብም።

ክዳን ያልኩት ነገር ለንጣፍ ደመናም ትልቅ ነገር ነው። ብዙውን ጊዜ ስትራቶኩሙለስ ጠፍጣፋ የሚሆነው ከላዩ ሞቃት አየር ስለሚከድነው ነው። ከታች እየተነሳ የሚመጣው እርጥብ አየር እዚያ ሲደርስ ራሱ ይመታና ወደ ጎን ይዘረጋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ምሽቱን፣ ቀን ተከምሮ የዋለው ኩሙለስ አናቱ ጠፍጥፎ በሰማይ ላይ ሲሰፋ የሚታየው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ በየሦስት ሰዓቱ ቀና ብለው እየመዘገቡ በቁጥር የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የሜትዎሮሎጂ ታዛቢ ሰማዩን በሐሳቡ ስምንት ቦታ ይከፍለዋል። ባዶ ከሆነ 0፣ ግማሹ ከተሸፈነ 4፣ ሙሉ በሙሉ ከደፈነ 8 ይጽፋል። ለዝቅተኛ ደመና ብቻ የተለየ መለያ ቁጥር አለ። 4 ሲል ከኩሙለስ ተዘርግቶ የተፈጠረ ስትራቶኩሙለስ ነው፣ 5 ሲል በራሱ የተፈጠረ፣ 6 ሲል ስትራተስ፣ 7 ሲል ደግሞ ከዝናቡ ደመና ሥር እየተቆራረጠ የሚሮጠው የተቀዳደደ ስትራተስ ነው። ሰማዩን የሚከፍለው ስምንት ሆኖ ሳለ ታዛቢው 9 ብሎ የሚጽፍበት ጊዜም አለ፤ ጉም ወርዶ ሰማዩ ጭራሽ በማይታይበት ጊዜ። እይታ ከ1 ኪሎ ሜትር በታች ከወረደ ጉም ይባላል። ጣርማበር ላይ የነበርነው እኛ ያን ጠዋት 9 ነበርን።

ታዛቢው የሚጽፈው ቁጥር ለአብራሪ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከግማሽ በላይ ሰማዩን የሸፈነው የመጀመሪያው ንጣፍ ያለበትን ከፍታ አብራሪዎች ጣሪያ ይሉታል፤ ጣሪያው ማረፊያው ከሚፈቅደው ልክ ከወረደ አውሮፕላኑ ይጠብቃል ወይም ይመለሳል። በነሐሴ ጠዋት አየር ማረፊያ ተቀምጦ በረራው የዘገየበት መንገደኛ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ይህ ጣሪያ እንዲነሳለት ነው። ሳተላይት አለ አይደል ወይ የሚል ይኖራል። ሳተላይት የሚያየው የደመናውን አናት ነው፤ ሥሩ መሬት ይንካ፣ 300 ሜትር ላይ ይንሳፈፍ ከላይ ሆኖ መለየት ይቸግረዋል። ያን የሚያውቀው ከሥር የቆመ ሰው፣ ወይም የብርሃን ጨረር ወደ ላይ ልኮ ወለሉን የሚለካ መሣሪያ ነው።

ንጣፉ ደመና ለገበሬም የራሱ ትርጉም አለው። ደብረ ብርሃን አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ውርጭ አንድ ሌሊት ላይ የባቄላ ማሳ ያጠቁራል። ጥርት ባለ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ባዶ ሰማይ ይለቀዋል፣ የሚመልስለት የለም። ምሽት ላይ ዝቅተኛ ንጣፍ ደመና ከመጣ ግን ደመናው ራሱ ከመሬቱ ብዙም ስለማይቀዘቅዝ የተለቀቀውን ሙቀት ተቀብሎ መልሶ ወደ ታች ይሰጠዋል። ጋቢ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጋቢ ሙቀት አይሠራም፣ ያለውን ያስቀራል። ሰማይ ጥግ ላይ ያለው ስስ ሲረስ ግን በጣም ቀዝቃዛ ስለሆነ ይህን ያህል አይረዳም። ስለዚህ በኅዳር ምሽት ከደጅ ቆሞ «ምን ዓይነት ደመና ነው?» ብሎ መጠየቅ የቀለም ጉዳይ አይደለም፤ የእህል ጉዳይ ነው። በዚያው ኅዳር አውድማ ላይ ነዶ የከመረ ሰው ደግሞ ያንኑ ደመና ካፊያ እንዳያወርድበት ይሰጋል።

ንጣፉ መሬት ሲነካ ውሃም ይሰጣል፣ ሳይዘንብ። ከጣርማበር ደቡብ ባለው የወፍ ዋሻ ደን ውስጥ ጉም በወረደ ዕለት የገባ ሰው ያውቀዋል። ሰማዩ አይዘንብም፤ ዛፉ ግን ይዘንባል። ከጽድና ከኮሶው ቅርንጫፍ እንደ ሽበት ጢም የሚንጠለጠለው ነገር በየክሩ ላይ ጠብታ ይይዛል፤ ጠብታው ከጎረቤቱ ጋር ይገጥማል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። ሥሩ ያለው አፈር ሲረጥብ ከዛፉ ጥላ ውጭ ያለው ደርቆ ይታያል። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ በዋርካ ዛፍ ስም የሰየመውንና በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዶርዜ ያቆመውን የቀርከሃ ማማ የሠራው ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ነው፤ በማማው ላይ የተወጠረው መረብ ከጉምና ከጤዛ ጠብታ ይለቅማል። ዛፍ የቆረጠ መንደር ዝናቡ ሳይቀንስ ምንጩ ሲደርቅበት ብናይ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ለቃሚ መጥፋቱ ሊሆን ይችላል።

ከዋሻው ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንጀምር ጉሙ አብሮን ወረደ። ጥግ ላይ አንድ የጭላዳ መንጋ ጀርባውን ሰጥቶን ተቃቅፎ ተቀምጧል፤ ፀጉራቸው ጫፍ ጫፉ ነጭ ሆኗል። ከዚያ በአንድ ጠመዝማዛ ላይ፣ መጋረጃ እንደ ተገለጠ፣ ከደመናው ወለል በታች ወጣን። ሸለቆው ተዘረገፈ፤ አረንጓዴው እርከን፣ ቆርቆሮ ቤቶቹ፣ ከታች በኩል የሚያብረቀርቀው ወንዝ። ተማሪው ወዲያው አንገቱን በመስኮት አወጣና ወደ ላይ አየ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ከተማው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዋሻው ወደ 1,800 ሜትር ወርደናል። ማንጎ የያዙ ልጆች መኪናዋን ከበቧት። እማማ ከመኪናው ወርደው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ጠጋ ብዬ አየሁት። በጥጡ ላይ በቆመው ስስ ጭረት ሁሉ ጫፍ ላይ አንዳንድ ጠብታ ተሰክቷል፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ፣ ገና ያልሰረገች። አንድ ጊዜ ሲያራግፉት ግማሹ በረረ፤ ግማሹ ወደ ጥጡ ገባ።

«ተመልከቱ እማማ፣ የመጣንበት ያ ነው» አላቸው ተማሪው በጣቱ ወደ ምዕራብ እያሳየ። ተራራው ከወገቡ በላይ የለም። በላዩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥ የሆነ፣ ሥሩ በክር የተለካ የመሰለ ግራጫ ንጣፍ ተጋድሟል። ከዚህ ሆኖ ለሚያየው ሰው ሩቅና ከፍ ያለ ደመና ነው፤ ማንም ጉም አይለውም።

እማማ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲህ ያ ከሆነ ይኼ የሱ ነው» አሉና እርጥቡን ጋቢ በመኪናዋ በር ላይ ዘርግተው ለፀሐይ ሰጡት።